ስታዲዮሙን ያሳጣው ማን ነው?



ባለፈው እሑድ የሰፈራችን ጎረምሶች ከዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው ሲጨቃጨቁ አገኘናቸው። ጠቡ በእንግሊዝ አገር ስላለው የብራይተን እግር ኳስ ቡድን ነው። አንዱ፣ «ይኸ ቡድን እኮ ድሮ ሜዳው ተሸጦበት በሰው ከተማ ሲንከራተት ነበር» ይላል። ሁለተኛው፣ «የሸጡበት ባለቤቶቹ ናቸው» ሲል፣ ሦስተኛው ደግሞ፣ «ጥፋቱ የደጋፊው ነው፤ ተኝቶ ነበራ!» ብሎ ይመልሳል። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ዳኙን» ብለው ጽሕፈት ቤት ድረስ መጡ።

እኛ የመዋጮ ደብተር እንይዛለን እንጂ የኳስ ዳኛ አይደለንም። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም የተማሩትን ልጆቻችንን አስነብበን ታሪኩን ሰማን። ከሰማን በኋላ ዝም ማለት ስላላስቻለን ይህን ጻፍን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ብራይተን በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ከተማ ነው። ቡድኑ ከ1902 ጀምሮ ጎልድስቶን በሚባል ሜዳ ይጫወት ነበር። አባት ልጁን፣ ያም ልጅ በተራው ልጁን ይዞ የገባበት ሜዳ ነው። በ1983 ለእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር 2 ለ 2 ወጣ፤ በድጋሚው 4 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ከዚያ ወዲያ ዕዳ በዕዳ ላይ ተከመረ፤ በ1993 የግብር ዕዳ ክለቡን ሊያፈርሰው ደረሰ።

በዚህ ጊዜ ቢል አርቸር የሚባል ነጋዴ ክለቡን በእጁ አደረገ። ለያዘው አክሲዮን ያወጣው ገንዘብ 56 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ነበር። ሰውየው የሚኖረው በሰሜን እንግሊዝ እንጂ በብራይተን አልነበረም። በ1995 ሜዳው በ7.4 ሚሊዮን ፓውንድ ለሱቅ መሥሪያ መሸጡ ተሰማ። ቡድኑ የሚገባበት ሌላ ሜዳ ግን አልተዘጋጀም። ቤት ተሸጦ ማደሪያ አለመታሰቡ ነው።

ያኔ ሕዝቡ ነቃ። በኤፕሪል 1996 ከዮርክ ሲቲ ጋር ሲጫወቱ ሜዳ ገብቶ የጎሉን ቋሚ ሰበረ፤ ጨዋታው በ16ኛው ደቂቃ ተቋረጠ። በኪራይ አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። በፌብሩዋሪ 1997 የሌሎች ቡድኖች ደጋፊዎች የየራሳቸውን ማልያ ለብሰው ከየአቅጣጫው መጥተው ከብራይተን ሰዎች ጎን ቆሙ። ግን ምን ይሆናል፣ ጊዜው አልፏል። ኤፕሪል 26 ቀን 1997 የመጨረሻው ጨዋታ ተደረገ፤ ብራይተን ዶንካስተርን 1 ለ 0 አሸነፈ። ሕዝቡ ሣሩን እየነጨ ለመታሰቢያ ይዞ ወጣ። ሜዳው ፈርሶ መደብሮች ተሠሩበት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጊሊንግሃም በሚባል ከተማ በደባልነት ተጫወቱ። ርቀቱ 70 ማይል ያህል ነው፤ «የሜዳችን ጨዋታ» እያሉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዳማን እንደ ማለፍ ነው። በ1999 ወደ ከተማቸው ተመልሰው በአንድ የሩጫ ሜዳ 12 ዓመት ከረሙ። የራሳቸው ስታዲዮም የተከፈተላቸው በ2011 ነው። አሥራ አራት ዓመት ያለ ቤት!

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?

ትልቁ ድርሻ የባለቤቶቹ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ሥልጣኑ በእጃቸው፣ ፊርማውም የእነርሱ ነበር። ዕዳ መኖሩ እውነት ነው። ግን ዕዳ ያለበት አባት እንኳ ቤቱን ሲሸጥ ልጆቹ የሚያድሩበትን አስቀድሞ ይፈልጋል። ከእነርሱ በፊት የነበሩትና ዕዳውን ያከማቹትም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም።

እኛን ግን የከነከነን ሌላ ነገር ነው። በክለቡ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበር። ክለቡ ቢፈርስ፣ ከዕዳ የተረፈው ንብረት ለባለ አክሲዮኖች አይከፋፈልም፤ በአካባቢው ላለ ሌላ የስፖርት ክለብ ወይም ለበጎ አድራጎት ይሰጣል ይላል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም ክለቦች ይህን እንዲጽፉ ያዝዝ ነበር። በ1993 ደንቡ ሲሻሻል ይህች አንቀጽ የለችም። አላፊዎቹ በኋላ «በስሕተት ነው የቀረችው» አሉ። ስሕተት ይሁን ሌላ፣ እኛ የሰው ልብ አንመረምርም። መቅረቷን ያወቀው ግን የእግር ኳስ ማኅበሩ አይደለም፤ ሂሳብ አዋቂ የሆነ አንድ ደጋፊ ነው። የድርጅቶች መዝገብ ቤት ሄዶ ሰነዱን ገልጦ አነበበ፣ አለቀ። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ አንቀጿ ተመለሰች። ሜዳው ግን አልተመለሰም።

ልብ በሉ፤ አንቀጿ ሳትኖር ሁለት ዓመት ያህል አልፏል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በየቅዳሜው ሜዳ የገባው ሕዝብ በሺህ የሚቆጠር ነው። አጨብጭቧል፣ ዘፍኗል፣ ተሳድቧል። ደንቡን ያነበበ ግን አልነበረም። ስለዚህ ስታዲዮሙ መጥፋት የጀመረው ቡልዶዘር በገባበት ቀን አይደለም፤ ወረቀቱን የሚያነብ በጠፋበት ቀን ነው እንላለን። የደጋፊው ጥፋት ከባለቤቶቹ እኩል ነው አንልም። ኧረ በጭራሽ! ግን ጥፋት አልነበረም ብንል እንዋሻለን። በኋላም አዲሱን ስታዲዮም ያስገኘላቸው ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ዓመት ፊርማ እያሰባሰቡ፣ ማመልከቻ እየጻፉ፣ በየስብሰባው እየተገኙ ነው።

ይህን ሁሉ ለምን ጻፍን? ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ የተለጠፈውን ተመልከቱ። የማኅበራችን የተሻሻለ መተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ ነው። ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። ቆሞ ያነበበው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከሥሩ ያለውን የኪራይ ቤት ማስታወቂያ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ጠቅላላ ጉባዔ ሁለት ጊዜ ጠርተን ምልዓተ ጉባዔው አልሞላም። በደንባችን መሠረት በሦስተኛው ጥሪ የተገኘው ሰው ይወስናል። አሥር ሰው ቢመጣ፣ አሥሩ ስለ ሁላችንም ይወስናሉ ማለት ነው።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ስንገለብጥ «ማኅበሩ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን ይሆናል» የሚለውን አንቀጽ ዘለነው ነበር። ተንኮል አልነበረበትም፤ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገልጠን ነው። ያገኙት አንዲት እናታችን ናቸው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ የልጅ ልጃቸው ነው ያነበበላቸው። «ልጆቼ፣ ድንኳኑስ? ወንበሩስ? ከአዳራሹ ጀርባ ልጆቹ ኳስ የሚራገጡበት መሬትስ? ለማን ሊሆን ነው?» ብለው ጠየቁን። አፈርን፤ አንቀጹንም መለስን። እሳቸው ባይጠይቁ ኖሮ ግን እንዲያው በጭብጨባ ያልፍ ነበር።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከቀኑ በ8 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ተገኙ። ረቂቁን አንብባችሁ ኑ። ማንበብ የማይችል ያስነብብ። ያልገባው ይጠይቅ፤ ለምን ጠየቃችሁ ብለን የምንቆጣ አይደለንም።

ለጎረምሶቹም ፍርዳችን ይኸው፦ የሸጡት ባለቤቶቹ ናቸው፤ ያላነበበው ግን ብዙ ነው። እናንተም 18 ዓመት የሞላችሁ ድምፅ አላችሁና እሑድ እንዳትቀሩ። ጨዋታ ሳይጀመር እንጨርሳለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ