ኮምፒዩተርና ቤተሰብ፦ ኮምፒዩተሩ «አላውቅህም» ሲል



ለዚህ እትም ያሰብኩት ሌላ ጉዳይ ነበር። ባለፈው ወር እዚሁ ግሪንቤልት ያጋጠመን ነገር ግን አሳቤን አስለወጠኝ። አንድ የእድራችን አባል ሐሙስ ማታ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት ስለሚሄድ አባላቱ በቶሎ ተጠርተው መዋጮው መሰብሰብ ነበረበት። የአባላቱ ስልክ ቁጥርና የመዋጮው መዝገብ በሙሉ ያለው በገንዘብ ያዣችን ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ በዚያች ሌሊት ባለቤቱን አላውቅም አለ።

ጋሼ ለዓመታት የሚገቡት በአራት አሃዝ ፒን ነበር። የዚያን ዕለት ዊንዶውስ ራሱን አድሶ ሲነሳ «ፒኑ አይሠራም፣ ፓስዎርድ አስገባ» አላቸው። አካውንቱን የከፈተላቸው ልጃቸው ነው፤ እሱም ዳላስ ከገባ ቆየ። ግራ ቢገባቸው በስልካቸው ፈልገው ወዳገኙት «የእርዳታ» ቁጥር ደወሉ። ያነሳው ሰው ጊፍት ካርድ ገዝተው ከጀርባው ያለውን ቁጥር እንዲያነቡለት ጠየቃቸው። ደግነቱ ባለቤታቸው ሰምተው ስልኩን ዘጉት።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነገሩ ተፈታ። ነገ በእናንተም ቤት ሊደርስ ስለሚችል በተራ ላስረዳ።

በመጀመሪያ አትቸኩሉ። ደጋግሞ መሳሳት መግቢያውን ለጊዜው ያስቆልፋል። ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነ፣ በቀኝ ባሉት የቁጥር ቁልፎች የምትጽፉ ከሆነም ነም ሎክ ጠፍቶ እንደሆነ ተመልከቱ። አማርኛ ወይም ሌላ ኪቦርድ የጫነ ሰው በስክሪኑ ታችኛ ቀኝ ጥግ የሚታየውን የቋንቋ ምልክት ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ከፓስዎርዱ ሳጥን አጠገብ የዓይን ምልክት አለች፤ እሷን ብትጫኑ የጻፋችሁት ይታያል። ከሰው ፊት ግን አትጫኗት።

ቀጥሎ አካውንቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። አንዱ በኢሜል አድራሻ የተከፈተ የማይክሮሶፍት አካውንት ነው። ሌላው ከዚያው ኮምፒዩተር ውጪ የማይታወቅ፣ የቤት ውስጥ አካውንት ነው። ፒን ለዚያ ኮምፒዩተር ብቻ የሚያገለግል አጭር ቁልፍ እንጂ ፓስዎርዱን የሚተካ አይደለም። ጋሼን ያሳሳታቸውም ይኸው ነው፤ ፒኑን ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙ ፓስዎርድ የሚባል ነገር መኖሩን ረሱት።

የማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኙና «ፓስዎርዴን ረስቻለሁ» የሚለውን ተጫኑ። ከሌላ ኮምፒዩተር ወይም ከስልክ ሆኖም ይቻላል። የማረጋገጫ ኮድ ወደ ተመዘገበው ስልክ ወይም ኢሜል ይላካል። የጋሼ ኮድ የሄደው ወደ ልጃቸው ኢሜል ነበር። ልጁን ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት፣ ኮዱን አነበበላቸው፣ አዲስ ፓስዎርድ አወጡ፣ ገቡ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እዚህ ላይ አንድ ደንብ ያዙ፦ ራሳችሁ ደውላችሁ ከልጃችሁ ኮድ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ሳታውቁት ደውሎ «የደረሰዎትን ኮድ ያንብቡልኝ» የሚል ግን ሌባ ነው። የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክትም ስልክ ቁጥር ጽፎ «ደውሉ» አይልም።

ፓስዎርዱን በቅርቡ በስልካችሁ ቀይራችሁ ከሆነና ኮምፒዩተሩ ኢንተርኔት ካላገኘ፣ አዲሱን ገና አልሰማምና የድሮውን ሞክሩ።

የቤት ውስጥ አካውንት ከሆነ አንድ ጊዜ ስትሳሳቱ «ፓስዎርድ ቀይር» የሚል ይመጣና አስቀድማችሁ የመለሳችኋቸውን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቃል። የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። የተወለዱበት ከተማ ሲባል ደሴ በአንድ «ኤስ» ነበር የተጻፈው ወይስ በሁለት? ጎንደርስ በ«ኤ» ወይስ በ«ኢ»? የልጅነት የቤት ስምስ በእንግሊዝኛ እንዴት ነበር የተጻፈው? ማሽኑ ፊደል ይቆጥራል እንጂ ደሴን አያውቃትም። የልደት ቀን ከተጠየቃችሁም እውነተኛውን ቀን ሳይሆን አካውንቱ ሲከፈት የተጻፈውን ስጡ። ብዙዎቻችን በወረቀት ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለድን ነንና።

ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ከጠየቀ፣ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው ተቆልፏል ማለት ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሌላ ኮምፒዩተር ገብታችሁ ፈልጉት። ቁልፉ ከጠፋ ማይክሮሶፍትም ሊያወጣላችሁ አይችልም። ስለዚህ ዛሬ በሰላሙ ቀን ጻፉት። ፎቶና ሰነድ ያለበትን ኮምፒዩተር «ፎርማት ላድርገው» ለሚል ጎረቤትም አትቸኩሉ፤ ፎርማት ያለውን ሁሉ ይደመስሳል።

ለወደፊቱ ሦስት ነገር አድርጉ። ስልክ ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት በአካውንቱ ላይ አዲሱን አስመዝግቡ። የድሮው ከጠፋ በኋላ ለመለወጥ ማይክሮሶፍት 30 ቀን ያስጠብቃል። ሁለተኛ፣ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሌላ የአስተዳዳሪ አካውንት ክፈቱና ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ ይያዘው። ሦስተኛ፣ ኢሜሉን፣ ፓስዎርዱንና የጥያቄዎቹን መልስ ፊደሉን ሳታዛንፉ በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ። ኮምፒዩተሩ ላይ ግን አትለጥፉት። ቤታችሁ ሌላ ኮምፒዩተር ከሌለ በክሬሰንት መንገድ ያለውን የግሪንቤልት ቤተ መጻሕፍት የመሳሰሉ የሕዝብ ቦታዎች አሉ። ስትጨርሱ ከአካውንታችሁ መውጣት አትርሱ።

ለእድሮቻችን ደግሞ አንድ ቃል። የጋሼ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ግሪንቤልት እ.ኤ.አ. በ1937 ስትመሠረት ጀምሮ በኅብረት ሥራ ማኅበራቷ የታወቀች ከተማ ናት፤ እኛም በማኅበር መኖርን ከአገራችን ይዘን መጥተናል። የማኅበር መዝገብ ግን በአንድ ሰው ፓስዎርድ ሥር መዋል የለበትም። አገር ቤት የእድሩ መዝገብ ጸሐፊው ቤት ቢቀመጥም፣ ጥሩምባ ነፊው የማንን በር እንደሚያንኳኳ በቃሉ ያውቅ ነበር። እኛ ጥሩምባውን ኮምፒዩተር ውስጥ ቆልፈንበታል። እንግዲህ የአባላቱ ዝርዝር በየሦስት ወሩ ታትሞ በሦስት ሰው እጅ ይቀመጥ።

አርብ ማለዳ ስልኮቹ ተደወሉ፣ ቅዳሜ ለቅሶው ቤት ሞላ። ልጁ ያን ሌሊት ስልኩን ባያነሳ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ግን እስካሁን አስባለሁ።

ቸር ይግጠመን።