የእንስቷ ዓይን

በግጥሞቻችን አንበሳው ይነግሣል፤ እንስቷ ግን የአሸናፊ ምርኮ ናት። ተፈጥሮ የምታውቀው ጉልበትን ብቻ ነው የሚለው ይህ ስብከት ሐሰት ነው።

በቪክቶሪያ ሐይቅ አንዳንድ ተቀራራቢ የዓሣ ዝርያዎች ቢዳቀሉ የሚወለዱት መካን አይሆኑም። ለያይቶ ያቆያቸው የእንስቷ ዓይን ነው፤ አንዷ ቀይ ወንድ ትመርጣለች፣ ሌላዋ ሰማያዊ። ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ውሃው በደፈረሰበት ቀለም አይለይምና ዝርያዎቹ ተመልሰው ይደባለቃሉ።

የአዋሽን ዝንጀሮ የሚጠቅስልኝ አይጠፋም፤ ሐማድርያስ የተባለው ወንድ እንስቷን አንገቷን እየነከሰ ይነዳታል። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው በአዋሽ ሐማድርያስና አኑቢስ ይዳቀላሉ፤ ጉልበት ድንበር አላቆመም።

ገጣሚ ሆይ፣ ጥፍርና ክራንቻን ማወደስ ይብቃህ። ለአዲስ ዝርያ መወለድ አንዱ ምክንያት «አንተን አይደለም» የምትል እንስት ናት።