የመዋኛ ገንዳ ጨውና የነጋዴው አደራ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፥ በሐዋሳ የእንግዳ ወቅት ይከፈታል። ከመስቀል አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 19 ቀን፥ እስከ ቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ድረስ፥ ወደ ከተማይቱ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ስለዚህ የመዋኛ ገንዳቸውን በጨው ለሚያሠሩ ወይም ለማሠራት ለሚያስቡ ባለሆቴሎች የዝግጅቱ ጊዜ ይህ ነው፤ ነጋዴውም ዕቃውን ከነምክሩ ሊያቀርብላቸው ይገባል።

በንግድ ቤት ጸሐፊነቴ የግዢ ደብዳቤዎች በእጄ ያልፋሉ። ሻጭና ገዢ የማይግባቡበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ጨው የገባበት ገንዳ ክሎሪን የለውም» ተብሎ መሸጡ ነው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በዚህ መጠን የገባ ጨው ብቻውን ተሐዋስያንን አይገድልም፤ መሣሪያው በውሃው የሟሟውን ጨው በኤሌክትሪክ ኃይል ለውጦ ክሎሪን ያወጣል፤ ክሎሪኑም ሥራውን ሲፈጽም ተመልሶ ጨው ይሆናል። እንግዲህ ጨው የሚጐድለው ውሃው ሲፈስ፥ ሲረጭና የክረምት ዝናብ ሲያቀጥነው ነው እንጂ መሣሪያው ስለሚጨርሰው አይደለም።

ሒሳቡም ከዚህ ይነሣል። ርዝመቱ 20 ሜትር፥ ስፋቱ 10 ሜትር፥ ጥልቀቱ በአማካይ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 300 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በሊትር 3.5 ግራም ጨው ቢያስፈልገው (ይህም የባሕር ውሃ ጨው አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው) ለአዲስ ውሃ 10 ኩንታል ተኩል ይገባበታል። ከክረምት በኋላ ተለክቶ በሊትር 2.5 ግራም ከተገኘ ግን 3 ኩንታል ይበቃዋል። ሳያስለካ 10 ኩንታል የሚሸጥ ባለሱቅ የአንድ ቀን ትርፍ አግኝቶ የብዙ ዓመት ደንበኛ ያጣል።

ጨዉ የአገራችን ሀብት ነው፤ ከአፋር፥ ከአፍዴራ ይመጣልና የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ነገር ግን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በደንብ ተወስኗል፤ ለገንዳ የሚመረጠው ደግሞ አዮዲን የሌለው፥ ከአፈር የጠራ ጨው ነው። ስለዚህ ሁለቱ በመጋዘን ተለይተው ይቀመጡ፤ በጆንያውም ላይ ይጻፍ። የገንዳው ጨው ወደ ማዕድ ቤት ቢገባ ቤተ ሰቡን ከእንቅርት የሚጠብቀውን አዮዲን ያሳጣዋል።

አስመጪዎችም መሣሪያውን ብቻ አምጥተው እጃቸውን አይሰብስቡ። ክሎሪን የሚያወጣው ክፍል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያረጃልና መለዋወጫው፥ የውሃ መመርመሪያውና በአማርኛ የተጻፈ መምሪያ አብረው ይቅረቡ። መምሪያውም አጭር ሊሆን ይችላል፦ ገንዳው ይጠረግ፤ ማጣሪያው ይታጠብ፤ ጨዉ ተለክቶ ይጨመር፤ መሣሪያው ጠፍቶ ፓምፑ ብቻ እየሠራ ጨዉ አንድ ቀን ይሟሟ፤ የውሃው ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6 መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ይከፈት።

አሮጌውን ውሃ ወደ ሐይቁ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከዓሣው የሚተዳደረውም ወገናችን ነው።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፥ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ምክሩ ለጨው ብቻ አይደለም፤ ጨው ለሚሸጠውም ጭምር ነው።