ያልዘመተ ሰው ስለ ዘመቻ ሊናገር ይገባዋልን?

ወራሪ በሀገር ላይ በተነሣ ጊዜ፣ ጦር የማይዘው ካህን፣ ሼህ፣ አረጋዊና ጸሐፊ፣ ጐልማሳውን «ተነሥና ሀገርህን ጠብቅ» ብሎ ሊመክረው ይገባዋል ወይስ ዝምታ ይሻለዋል የሚለው ነገር በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ በየቤቱ የተነሣ ጥያቄ ነው። የዚህ ጋዜጣ መልስ ይገባዋል የሚል ነው፤ ነገር ግን ቃሉ አስቀድሞ ተናጋሪውን ራሱን ሲያስከፍለው።

ዳግማዊ ምኒልክ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፣ ጉልበት ያለውን ለዘመቻ ሲጠሩ ጉልበት የሌለውን ደግሞ በጸሎቱ እንዲረዳቸው መለመናቸው፣ የማይዋጋውም ሰው በሀገሩ መከላከል ድርሻ እንዳለው ያስረዳል። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስም አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ፣ ሕዝቡ ለፋሺስት እንዳይገዛ አውግዘው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ፤ ሌላውን ወደ ሞት ጠሩ የሚል ከሳሽ ቢነሣ፣ እርሳቸው በተኳሾች ፊት ቆመው የተናገሩትን ማን በነገር ሊረታው ይችላል? እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስትም በዚያው ዓመት ከለንደን ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ አቋቁመው ዘመናቸውንና ድካማቸውን ሰጥተዋል፤ ርቀት ብቻውን ኃጢአት አይደለምና።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ከደሴና ከኮምቦልቻ አልፎ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ግን፣ ልጁን በማይልክበት ግንባር የሰውን ልጅ ሂድ የሚል አንደበት በዛ። ይህን አንደበት ከአቡነ ጴጥሮስ ቃል ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር በሰማዕቱ ላይ ግፍ መሥራት ነው።

ለእኛ ቀዬ ደግሞ የባሰ አደጋ አለ። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ አፋሩ ግመሉን ስቦ፣ አርጎባው ሸማውን ተሸክሞ፣ ኦሮሞውና አማራው ማሽላውንና ከብቱን አቅርበው ዋጋ የሚከራከሩ ሰዎች፣ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያው ደም በፈሰሰ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ወገን ራሱን ተከላካይ፣ ጎረቤቱን አጥቂ ሲል ሰምተዋል። መከላከል ማለት መሣሪያ ይዞ የመጣውን መመለስ ነው፤ ባዶ እጁን ከብቱን ወደ ቦርከና የሚያወርደውን እረኛ በዘሩ ጠላት ብሎ የሚጠራ ጥሪ፣ በካህንም ይነገር በሼህ፣ የወንጀል ጥሪ ነው።

ስለዚህ በዚህ አገር መሣሪያ አንሡ የሚል ቃል ከመነገሩ አስቀድሞ ጉዳዩ በአበጋሮች፣ በባህላዊ አስታራቂዎቻችን፣ ፊት እንዲቀርብ፣ የጥሪውም ባለቤት የዘማቹን ማሳ እንዲያርስ፣ የቈሰለውንም እንዲያስታምም፣ አጥቂው በተመለሰ ዕለትም ለዕርቅ ቀድሞ እንዲነሣ እንጠይቃለን።