የእናትህን ደብዳቤ አንተ አንብብላት!

ወገን፣ በተለይ አሜሪካ ያለኸው ወጣት፣ ይቺን ሳታነብ እንዳታልፍ።

እናትህ 65 ዓመት ከሞላትና ገቢዋ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ሜዲኬርም ሜዲኬይድም ሊኖራት ይችላል። ሁለቱም በ1965 እ.ኤ.አ. በአንድ ሕግ የመጡ የመንግሥት መድን ናቸው። ሂሳቡን መጀመሪያ ሜዲኬር ይከፍላል፣ ሜዲኬይድ ይከተላል። ሁለቱም ላላቸው ሰዎች ተብለው የተዘጋጁ የግል ኩባንያ ፕላኖችም አሉ። ብዙዎቹ ጥርስና መነጽር፣ ሐኪም ጋ መሄጃ ትራንስፖርት ሁሉ ይጨምራሉ። በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም።

ችግሩ ምን መሰለህ? ሻጩ ስለ ግሮሰሪ ካርዱ ያወራል እንጂ ለዓመታት ያከማት ሐኪም ኔትወርኩ ውስጥ እንደሌለ አይነግራትም። እሷ ደግሞ አምና ትፈርማለች።

ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት ሐኪሟና መድኃኒቶቿ መሸፈናቸውን አጣራ። የሜዲኬይድ እድሳት ደብዳቤ ሲመጣ በጊዜው መልስ፤ ሜዲኬይዱ ከተቋረጠ ፕላኑም አብሮ ሊሄድ ይችላል። አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብቷ ነው፤ አትፈር፣ ጠይቅላት። በየስቴቱም ኮሚሽን የማይበላ፣ ሺፕ የሚባል ነፃ የሜዲኬር ምክር አገልግሎት አለ።

ስለ ሀገር በየቀኑ እንጽፋለን። የእናታችን ፖስታ ግን ሳይከፈት ይከርማል። ዛሬውኑ ክፈተው!

ሼር አድርጉት።