ቆጣሪው ማን ይሁን?

«ጥብቅ የባሕር ክልል» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ካርታ ላይ የተሰመረ መስመርና አንድ አዋጅ ነው። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለሆንን ይሆናል። በእኔ እምነት ግን ዋናው ጥያቄ መስመሩ ውስጥ ዓሣው መብዛት አለመብዛቱን ማን ያያል፣ ማንስ ይቆጥራል የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ከሁለት ትናንሽ የፊሊፒንስ ደሴቶች የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በሱሚሎን ደሴት ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1974 በሲሊማን ዩኒቨርሲቲ አነሳሽነት ከኮራሉ አንድ ክፍል ማስገር ተከለከለበት። ደሴቷ ላይ ግን የሚኖር የመንደር ሕዝብ የለም፤ አጥማጆቹ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጡት። በ1984 በአካባቢው ፖለቲካ ሳቢያ ጥበቃው ፈረሰና ሁሉም መረቡን ይዞ ገባ። ታዲያ ምን ተገኘ? አንጀል አልካላና ጋሪ ረስ የተባሉት ተመራማሪዎች ሲመዝኑት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ገደማ ወርዷል። ልብ በሉ፣ የሚሰገርበት ቦታ ሰፍቶ እያለ ነው ምርቱ የቀነሰው!

አፖ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ መንደር አለ። እነዚሁ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተወሰኑ ነዋሪዎችን ሱሚሎን ወስደው ዓሣውን በዓይናቸው አሳዩአቸው፤ በ1982 ነዋሪዎቹ ራሳቸው ትንሽ ቦታ ከለሉና ተራ ገብተው መጠበቅ ጀመሩ። የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ የመጣው ቆይቶ፣ በ1985 ነው። ተመራማሪዎቹ ውኃ ውስጥ እየገቡ ሲቆጥሩ አዳኝ የሆኑት ትላልቅ ዓሦች ከ18 ዓመት በኋላ እንኳ ገና እየጨመሩ ነበር። የእኛ የመመረቂያ ጥናት ስንት ወር ነው የሚፈጀው? ዕድሜ ልኩን እዚያው የሚኖር ሰው ካልሆነ እንዲህ ያለውን ለውጥ ማን ጠብቆ ያየዋል?

በ1994 አፖ በብሔራዊ ደረጃ ጥብቅ ሥፍራ ተባለች። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ውሳኔው ወደ ቦርድ ሲሄድና ከጎብኚ የሚሰበሰበው ገንዘብ በመንግሥት ካዝና ዞሮ ሲመጣ፣ ነዋሪው «የኛ» ይለው የነበረው ነገር ከእጁ እንደወጣ ተሰማው። እኔ ከዚህ የማነበው ሕግ አያስፈልግም የሚል አይደለም፤ ሕጉ ጠባቂውን ባለቤት ሳይሆን ተቀጣሪ ካደረገው ጥበቃው ይላላል ነው።

«አጥማጅ ለራሱ አዳልቶ ይቆጥራል» የሚሉ መምህራንና ጓደኞች አሉኝ። ሊያዳላ ይችላል፣ አልክድም። ግን እሱ የቆጠረውን ከፊሉን ተማሪ ደግሞ ይቁጠረው፤ ልዩነቱ ይታያል። ውጤቱም መንደሩ ውስጥ በግልጽ ይለጠፍ፤ ጎረቤት ለጎረቤት እንዲህ በቀላሉ አይዋሽም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው ለምትሉ፣ ጣና አለላችሁ። በልማድ ነጭ ዓሣ የምንለው የላቢዮባርበስ ወገን በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ ርብና ጉማራ ሲወጣ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል፤ በ1990ዎቹ ክፉኛ መመናመኑም በጥናት ታይቷል። ሐይቁ ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛስ? ሄደን እንለካለን፣ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፣ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ዓሣውን ያስመዘነን ሰውዬ ምን እንዳገኘን እንኳ አይሰማም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ዓሣው ወደ ወንዝ የሚወጣው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ያኔ አብዛኞቻችን ለዕረፍት አገር ቤት ነን። አስጋሪው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ክፍላችን በሰኔ ከመበተናችን በፊት ለየወንዙ አፍ አንድ አንድ ደብተር በአማርኛ አዘጋጅቶ ለአስጋሪዎቹ ቢሰጥ፣ ቀኑን፣ የመረቡን ብዛትና የዓሣውን ርዝመት ይሙሉበት፤ በጥቅምት እኛ ሄደን አብረናቸው እናንብበው። ወጪው የደብተርና የእርሳስ ነው።