የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው

«ጋሼ፣ ይህስ ከአቅሜ በላይ ነው» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሮማኒያኛ ሰዋስው ነው። የሮማኒያ መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላሉ ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ ግን ትምህርቱ በሮማኒያኛ ነው፤ ቋንቋውን ለማያውቅ አንድ የመሰናዶ ዓመት ይታከልለታል። ልጁ ያችን ዓመት ፈርቶ ቀደም ብሎ ሊዘጋጅ ተነሣ። ሰላምታውንና ቁጥሩን በወር ጨረሰ። መካከለኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ተሰነከለ።

መሰናከሉ አይደለም የገረመኝ። ይህ ልጅ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠረ ነው። እሱ «ሰዋስው አልገባኝም» ሲል፣ የዓባይ ልጅ ውኃ ጠማኝ አለ ማለት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? እኔ እንደምለው ልጁን ያደከመው ሮማኒያኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ በኩል መዞሩ ነው። ከደብረ ማርቆስ ደጀን ለመድረስ በባሕር ዳር የሚዞር መንገደኛ ምን ይባላል?

እስቲ አንባቢ ይፍረድ። ማስረጃዬን ያገኘሁት በደርግ ዘመን ሮማኒያ ከተማሩ አንድ ጎረቤታችን ነው። እንግሊዝኛ የታወቀን ነገር የሚያመለክተው ከስሙ ፊት በሚያቆመው ቃል ነው። ሮማኒያኛ ግን «ኦም» (ሰው) ካለ በኋላ «ኦሙል» (ሰውየው) ይላል፤ ምልክቱን ከስሙ መጨረሻ ይቀጥላል። እኛስ «መጽሐፍ» ብለን «መጽሐፉ» አይደለም የምንለው?

ልጁን የጣለው ደግሞ ተሳቢው ነው። ሮማኒያዊ «ዮንን አየዋለሁ» ለማለት «እል ቨድ ፔ ዮን» ይላል። «ፔ» የእኛን «ን» ሥራ ትሠራለች፤ «እል» ደግሞ «አየዋለሁ» ውስጥ የተደበቀችው «እሱን» ናት። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ልማድ ስለሌለው መጽሐፉ ነገሩን ለማስረዳት ገጽ በገጽ ላይ ይደርባል። ለእኛ ግን የእናት ቋንቋችን ጠባይ ነው። «እንድትሄድ እፈልጋለሁ» ሲልም «ቭርያው ሰ መርጅ» ነው፤ «ሰ» በ«እንድ» ቦታ ቆማለች፤ እኔና አንተ መሆናችን እንደ አማርኛው ከግሡ ይታወቃል።

የዕለት ተዕለት ቃላቱስ? ከጣሊያንኛ የወሰድናቸው «ፋብሪካ» እና «ፖስታ» እዚያ «ፋብሪከ» እና «ፖሽተ» ሆነው ይጠብቁናል። «ፋሶሌ» ማለት ቦሎቄ ነው፤ ከገበያችን ፎሶሊያ ብዙ አይርቅም።

«እንግሊዝኛ የዓለም ቋንቋ ነው፤ መጻሕፍቱም የሚገኙት በእሱ ነው» የሚሉኝ አሉ። አልካድኩም። እንግሊዝኛን ጣሉት አላልኩም፤ ተማሪው በእጁ የያዘውን መሣሪያ አትቀሙት ነው ያልኩት። እኔ በተማርኩበት አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ አማርኛ የተናገረ ብር ይቀጣ ነበር። ከዚያ ቤት የተማርነው ዝምታን ነው።

የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ተመልከቱ። ተማሪው ግሡንና ርባ ቅምሩን በቃሉ አጥንቶ አይተኛም። ማንም በቤቱ በማይነጋገርበት በግእዝ ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ነገም አዲስ ይቆጥራል። ደንብን ሰምቶ በራስ ቃል መሥራት ከዚህ በላይ የት አለ? ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ መማራቸው በኋላ አገራቸውን ወክለው ዋሽንግተን ከመቀመጥ አላገዳቸውም።

ስለዚህ ለልጁ አንድ ደንብ አወጣሁለት፦ በየምሽቱ ከገዛ ኑሮህ አምስት ዓረፍተ ነገር በሮማኒያኛ ቁጠር፤ አማርኛውን ከጎኑ ጻፍ፤ ከዚያ ለየኔታ እንደምትነግር ለእኔ ንገረኝ። በሦስተኛው ምሽት «ኦ ቨድ ፔ ማማ» አለኝ፤ እናቴን አያታለሁ ማለቱ ነው። «ፔ»ን አልረሳትም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንና አሳታሚዎቻችን ግን ምን ይላሉ? ሮማኒያኛን፣ ጀርመንኛን፣ ቻይንኛን ከአማርኛ ተነሥቶ የሚያስረዳ ደህና ሰዋስው ለመጻፍ የጎደለን ዕውቀት አይደለም። የጎደለን አማርኛ ይችላል ብሎ ማመን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ እኛ ቆጥረነዋል። ዕዳውን የሚከፍሉት ግን እንደ አክስቴ ልጅ ያሉት ናቸው።